ሳልደክም ሰው መፈለግ

እናቴ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ውስጥ የሰፈር ዕቁብ ጸሐፊ ናት። እሑድ ከሰዓት ቤታችን ቡና ይፈላል፣ ዕጣ ይወጣል። ዕጣ የወጣለት ሰው ግን ብሩን ይዞ አይሄድም። ዋስ ያመጣል። ዋሱ ይፈርማል። ብሩ የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ ነው።

ልጅ ሆኜ ይህ ነገር አይዋጥልኝም ነበር። ስንት ዓመት አብራ ቡና የጠጣች ጎረቤት እንዴት ዋስ ትጠየቃለች? አይከፋትም? አንድ ቀን እናቴን ጠየቅኋት። «ልጄ፣ ሌባ ናት ብለን መሰለህ? ብትታመምስ? ሥራዋ ቢቆምስ? ዕቁቡ እንዳይፈርስ ነው» አለችኝ።

መልሱ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያውም በኮድ ምክንያት።

በትርፍ ጊዜዬ አንድ አነስተኛ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት እመራለሁ። ኮዱ ክፍት ነው። ማንም ያነበዋል፣ ማንም ይወስደዋል፣ ማንም ማሻሻያ ሊልክ ይችላል። ሥራው ሁለት ነው። የኛን ቀን ወደ ፈረንጆቹ፣ የፈረንጆቹን ወደ እኛ ይቀይራል። ለአማርኛ ፊደል አራሚ የሚሆን የቃላት ዝርዝርም አለው። ደመወዝ የለውም። ማታ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ የሚሠራ ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት ብቻዬን ሠራሁ። ከዚያ ሰው መፈለግ ጀመርኩ። ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ሰው ስፈልግ ነው።

መጀመሪያ ያደረግሁት ዘመቻ ነበር። ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ ለጠፍኩ። «በጎ ፈቃደኛ ዴቨሎፐሮች እንፈልጋለን፣ ለተሳተፈ ሁሉ ሰርተፊኬት እንሰጣለን» አልኩ። በሁለት ቀን 64 ሰው ግሩፑን ተቀላቀለ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በመጀመሪያው ሳምንት ማሻሻያ መጉረፍ ጀመረ። አንዱ ነጠላ ሰረዝ ጨምሯል። አንዱ የገዛ ስሙን በአስተዋጽኦ አድራጊዎች ዝርዝር ውስጥ ብቻ አስገብቷል። ሌላው የእኔን ማብራሪያ ገልብጦ መልሶ ልኮልኛል። እያንዳንዱን ማየት፣ መልስ መስጠት፣ በትሕትና እምቢ ማለት ነበረብኝ። ለራሴ ሥራ ጊዜ አጣሁ። በወሩ መጨረሻ ሦስት ሰው ቀረ።

ልጆቹን አልወቅሳቸውም። ሰርተፊኬት ያልኩት እኔ ነኝ። በትልቁ ዓለምም የደረሰው ይኸው ነው። ሃክቶበርፌስት የሚባል ዓመታዊ ዝግጅት አለ። ለኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶች አራት ማሻሻያ ለላከ ሰው ቲሸርት ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የፕሮጀክት ባለቤቶች በማይረባ ማሻሻያ ተጥለቀለቁ። አንድ ሁለት ቃል ብቻ የጨመረ ሁሉ ይልክ ነበር። አዘጋጆቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕጉን ለወጡት። ከዚያ በኋላ የሚቆጠረው ፈቅዶ ለተመዘገበ ፕሮጀክት የተላከ ማሻሻያ ብቻ ሆነ።

የእምቦጩን ነገር አስታወሰኝ። አረሙ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጣና ላይ ሲስፋፋ ስንት ዘመቻ ተካሄደ! እኔም አንድ ቅዳሜ በአውቶቡስ ሄጃለሁ። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ገብቼ ነቅያለሁ። ሕዝቡ ከልቡ ነበር፣ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ማታ ወደ ቤታችን ተመለስን። በነጋታው ጠዋት ውኃው ውስጥ የገቡት የሐይቁ ዳር ገበሬዎች ናቸው። በማግስቱም፣ በሳምንቱም። እኔ የምፈልገው የቅዳሜውን አውቶቡስ አልነበረም። በነጋታው የሚመጣውን ሰው ነበር የምፈልገው። እሱን ደግሞ በማስታወቂያ አላገኘሁትም።

ከቀሩት ሦስቱ አንዱ እሳት የላሰ ልጅ ነበር። ፈጣን፣ ትጉ፣ ሌሊት የማይተኛ። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ዋናው ኮድ በቀጥታ የመጻፍ ፈቃድ ሰጠሁት። ለምን እንደሰጠሁት በሐቅ ልናገር። ስለደከመኝ ነው። በዚያ ሰሞን መሥሪያ ቤት የዓመት መዝጊያ ሥራ ነበረብኝ። ታናሽ ልጄ ታማለች። እሱ ደግሞ «እኔ እይዘዋለሁ፣ አንተ እረፍ» አለኝ። እንዲህ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው ነው። ዓይኔን ሳላሽ ሰጠሁት።

በአንድ ሌሊት የቃላት ዝርዝሩን «አስተካከለው»። ሠ ያለበትን ሁሉ ሰ አደረገው። ሐ እና ኀ ሀ ሆኑ። ዐ አ ሆነ፣ ፀ ጸ ሆነ። ድምፁ አንድ ከሆነ ፊደሉም አንድ ይሁን ብሎ ነው። ይህን የሚሉ ቁም ነገረኛ ሰዎች አሉ፣ ክርክሩም የቆየ ነው። ለፍለጋ ሞተር ሲሆን እኔም እስማማለሁ። ተጠቃሚው «ዓመት» ብሎ ቢፈልግ «አመት»ም ይምጣለት። ፊደል አራሚ ግን ሌላ ነገር ነው። «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣች ለማለት ነው። «ሰረቀ» ደግሞ ሌላ። ልዩነቱን ካጠፋኸው አራሚው ምን ሊያርም ነው?

ከዚህ የባሰው፣ ሰርቨሩ ላይ ያለውን የለውጥ ታሪክ ሰርዞ በራሱ ቅጂ መተካቱ ነው። ፎርስ ፑሽ ይሉታል። የሦስት ሳምንት የሌሎች ሰዎች ሥራ ከሰርቨሩ ላይ ጠፋ። የዳነው ጊት፣ የኮድ ለውጦችን የምንመዘግብበት ፕሮግራም፣ የተሠራበት መንገድ ስለሚለይ ነው። ኮዱን የወሰደ ሰው ሁሉ ሙሉ ታሪኩን ይዞ ነው የሚወስደው። ጎንደር ያለች አንዲት መምህርት ኮምፒውተር ላይ ሙሉው ቅጂ ተገኘ። ከእሷ መለስነው። ልጁ አዘነ፣ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታውም የምር ነበር። ግን አፍሮ በዚያው ቀረ፣ አልተመለሰም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ያለ ጊዜው ቁልፍ የተሰጠው ጎበዝ ልጅ ነበር። አንድ የሚያርመው ሰው ከጎኑ ባስቀምጥለት ኖሮ ዛሬም አብሮን ይሠራ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አያቴ ፎገራ ላይ ሩዝ ሲያሳጭዱ ደቦ ይጠሩ ነበር። የመጣ ሁሉ እንኳን ደህና መጣህ ይባላል፣ ጠላ ይቀዳለታል። ማንም አይመለስም። ግን አዲስ አጫጅ ሲመጣ ጫፍ ላይ አያሰልፉትም። በሁለት ልምድ ባላቸው መካከል ያቆሙታል። ግራና ቀኙን እያየ ይሠራል። ቢያበላሽም የሚያበላሸው ሁለት ክንድ ቦታ ነው።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ሰው ሲመጣ ሲቪ አልጠይቅም። የየት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ እንደሆነ አልጠይቅም። የማን ልጅ፣ የየት አገር ሰው የሚለውን ጭራሽ አላነሣም፣ ሌላ ሰው ሲያነሣም ደስ አይለኝም። እውነተኛ ስሙን ባይነግረኝም ግድ የለኝም። አንድ ትንሽ ሥራ እሰጠዋለሁ። ለልምምድ ባዘጋጀሁት ቅጂ ላይ ሆን ብዬ የተውኩት ስሕተት አለ። ስሕተቱ ከጳጉሜ ጋር የተያያዘ ነው።

እንደምታውቁት ጳጉሜ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ቀን ናት። በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ ስድስት ትሆናለች። ስለዚህ የቀጣዩ ዓመት መስከረም 1 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ይቀርና 12 ይሆናል። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበር። ጳጉሜ 6 ሴፕቴምበር 11 ላይ ዋለች። መስከረም 1፣ 2016 ደግሞ ሴፕቴምበር 12፣ 2023። በልምምዱ ኮድ ውስጥ የፈረንጆቹ ስሌት ነው ያለው። ዓመቱ ለአራት ሲካፈል ምንም ካልቀረ ስድስት ቀን ይሰጣል። የኛ ግን ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲቀር ነው። አንድ መስመር ማስተካከል ይበቃል።

መስመሯን ማስተካከል ማንም ይችላል። ዛሬ ማሽኑም ያስተካክላታል። እኔ የማየው በዙሪያዋ ያለውን ነው። ሳያስተካክል በፊት ጠየቀ ወይ? ስሕተቱ እንዳይመለስ መፈተሻ ጻፈለት ወይ? አንድ መስመር ሲባል ሃያ መስመር ነካካ ወይ? ከሁሉ በላይ ግን የማየው «ይህ ቦታ ላይ እንደገና እየው» ስለው የሚመልሰውን መልስ ነው። ሁሌም አንድ እርማት እሰጣለሁ። እርማት ሲቀበል አንዳንዱ ዝም ብሎ እሺ ይላል። አንዳንዱ ይኮሳተራል። አንዳንዱ ደግሞ «ልክ ነህ፣ ግን ይህኛውን ያደረግሁት በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ ያስረዳል። አብሬው መሥራት የምፈልገው ሦስተኛውን ነው።

በ2015 ሚያዝያ አንዲት የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፖሊ ግቢ ተማሪ ጻፈችልኝ። ማስታወቂያ አይታ አልነበረም። ፕሮግራሙን ስትጠቀም የተሳሳተ ቀን አግኝታ ነው። የልምምዱን ሥራ ሰጠኋት። ለሁለት ቀን ድምፅዋ ጠፋ። ከዚያ እንዲህ የሚል መልእክት መጣ፦ «ጋሼ፣ አስተካክዬዋለሁ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። እ.ኤ.አ. 2100 ላይ ምን እናድርግ?»

ብድግ ብዬ ቆምኩ። ፈረንጆቹ በ2100 ፌብሩዋሪ 29 የላቸውም፣ ይዘሉታል። እኛ አንዘልም። ስለዚህ ከዚያ በኋላ መስከረም 1 በአንድ ቀን ይገፋል፣ ሴፕቴምበር 12 መደበኛው ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ1900 በፊትም በተቃራኒው ሴፕቴምበር 10 ነበር። ይህን ማንም አልጠየቃትም። ሰባና ሰማንያ ዓመት ወደ ፊት ሄዳ ማየት አላስፈለጋትም ነበር። ኮዱ ግን ያኔም ይኖር ይሆናል ብላ አሰበች። እኔ ራሴ ፕሮጀክቱን ስጀምር አላሰብኩትም ነበር።

በዚያው ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል ተቋረጠ። ለወራት። በዚያ ጊዜ ባሕር ዳር የነበረ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ከሌላ ከተማና ከውጭ አብረውን የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች መጠየቅ ጀመሩ። «ልጅቷ ጠፍታለች፣ ከዝርዝሩ እናውጣት?» ብዙ ፕሮጀክቶች ይህን ያህል ወር ዝም ያለን ሰው ያወጣሉ። ሕጉ መጥፎ ነው አልልም። የተተወ መግቢያ ሁሉ ለሌባ ክፍት ነው። ግን ዝምታ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። ሕጉን የሚጽፈው ሰው መብራትና መስመር የማይቋረጥበት አገር ካለ ይህ አይታየውም። ፈቃዷን ለጊዜው እናግድ፣ ስሟ ግን ይቆይ አልኩ።

ኅዳር ላይ የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ አንድ ልጅ ትፈልግሃለች አለኝ። ወጣሁ። በአካል አይቻት አላውቅም ነበር። ከቦርሳዋ ፍላሽ አወጣች። «ጋሼ፣ የአራት ወር ሥራ ነው፣ ይቅርታ ቆየሁ» አለችኝ። ሙሉ ታሪኩን በአንድ ፋይል ጠቅልላዋለች። ጊት እንዲህ ማድረግ ይችላል፣ ያለ ኢንተርኔት መሥራት፣ በፍላሽ ማሻገር። እያንዳንዱ ለውጥ ቀኑና ምክንያቱ ተጽፎበታል። 31 ለውጥ ነበር። በር ላይ ቆሜ ምን እንደምላት ጠፋኝ። «ግቢ፣ ሻይ እንጠጣ» ብቻ አልኳት።

ያን ዓመት ሌላም ነገር ሆነ። መጋቢት 20፣ 2016። በፈረንጆቹ ማርች 29፣ 2024። አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የማይክሮሶፍት መሐንዲስ፣ ፖስትግሬስ የተባለው የመረጃ ቋት ፕሮግራም ዴቨሎፐርም ነው፣ ኤክስዜድ በተባለ ፕሮግራም ውስጥ የተደበቀ የጓሮ በር፣ ማለትም ሌላ ሰው በድብቅ ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባበት ኮድ፣ ማግኘቱን ይፋ አደረገ። ኤክስዜድ ፋይል የሚያሳንስ ፕሮግራም ነው። ሊኑክስ በተባለው ክፍት ሥርዓተ ክወና በሚሠራ አብዛኛው ኮምፒውተር ውስጥ አለ። ፍሮይንድ የጠረጠረው ወደ ሰርቨር ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ስለዘገየበት ነው። ግማሽ ሰከንድ! ሌላ ሰው ቢሆን ኔትወርክ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ነገሩ የተሠራበት መንገድ ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ፕሮጀክቱን ለዓመታት የያዘው ፊንላንዳዊው ላሴ ኮሊን ነው። ያለ ክፍያ፣ በትርፍ ጊዜው። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ጂያ ታን በሚል ስም አንድ ሰው ማሻሻያ መላክ ጀመረ። ጥሩ ሥራ ይልካል። ትሑት ነው። እርማት ይቀበላል። በ2022 ደግሞ ሌሎች ስሞች ብቅ አሉ። ሥራው ዘገየ፣ ባለቤቱ ፍላጎት አጥቷል፣ ለሌላ ሰው ይስጥ እያሉ ጨቀጨቁት። ኮሊን አቅሙ እንደተመናመነ፣ ሥራው ያለ ክፍያ እንደሆነ መልሶ ጽፏል። ቀስ በቀስ ጂያ ታን ቁልፉን ያዘ። በ2024 መጀመሪያ መርዙ በኤክስዜድ ስሪት 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ ወጣ። የተደበቀው ለመፈተሻ በተቀመጡ ፋይሎች ውስጥ ነበር። የሚያስነሣው ክፍል ደግሞ ሁሉም ሰው በሚያየው ኮድ ውስጥ አልነበረም። ለሕዝብ በተለቀቀው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበር።

ይህን ሳነብ ያቺን ሌሊት አስታወስኩ። «እኔ እይዘዋለሁ፣ አንተ እረፍ» የሚለውን ቃል። የኔ ልጅ ቅን ነበር፣ የኮሊን እንግዳ ግን ቅን አልነበረም። እኔና ኮሊን ግን ያው ነበርን።

ፈተናዬም ተናጋ። ትዕግሥት፣ ትሕትና፣ እርማት መቀበል፣ አለመጥፋት፤ ጂያ ታን ይህን ሁሉ ያሟላል። የጳጉሜን ጥያቄ ብሰጠው ከማንም በላይ ያምር ነበር። ታዲያ ምን ላድርግ? በሩን ልዝጋ? ብዙ ሰዎች ከዚያ በኋላ ያሉት ይህን ነው። አዲስ ሰው አትመኑ፣ የማታውቁትን አታስገቡ። በግልጽ እቃወማለሁ። በሩን ብዘጋ ብቻዬን እቀራለሁ። ብቻዬን ከቀረሁ እደክማለሁ። ከደከምኩ ደግሞ አንድ ቀን ቁልፉን ፊት ለፊቴ ለመጣ ሰው እሰጣለሁ። ሰው የምፈልገው እንዳልደክም ነው። ጥበቃው ራሱ ሰው መፈለጉ ነው።

የእናቴ ቃል ትዝ ያለኝ በዚህ ጊዜ ነው። «ዕቁቡ እንዳይፈርስ ነው።»

ትልልቆቹ ፕሮጀክቶች ዋስን ያውቁታል፣ ስሙን ብቻ ሌላ ያደርጉታል። ዴቢያን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ የሊኑክስ ስርጭት ነው። አባል ለመሆን የሚፈልግ ሰው ዲጂታል ቁልፉን በነባር አባል ያስፈርማል። ብዙ ጊዜ በአካል ተገናኝተው፣ መታወቂያ ታይቶ። የሚመሰክርለት አባል ይፈልጋል። ከዚያ ስለ ፕሮጀክቱ መርሖዎች፣ ስለ አሠራሩና ስለ ሙያው ይጠየቃል። ወራት ይወስዳል። አፓቼ የተባለው የኦፕን ሶርስ ድርጅት ዘንድ ደግሞ ነባሮቹ ሥራህን ሲያዩ ይቆዩና ድምፅ ሰጥተው ይጋብዙሃል። ሁለቱንም አከብራለሁ። ግን ባሕር ዳር ተቀምጦ የዴቢያን አባል በአካል ማግኘት ለተማሪ ቀላል አይደለም። ዋስነት ደግሞ የራሱ በሽታ አለው። ዘመድ ለዘመድ ይዋሳል። ከገጠር ብቻዋን የመጣች ልጅ ማን ይዋሳታል? እኛ አገር ሥራ ለመቀጠር ተያዥ አጥቶ የተንከራተተ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ስለዚህ እኛ ዋሱ ከሥራው እንዲመጣ አደረግን። ወደ ዋናው ኮድ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ሁለት ዋስ ያስፈልገዋል። ዋስ የሚሆነው ሥራውን መስመር በመስመር ያረመ ሰው ነው። ጓደኝነት አይቆጠርም። ዋሱ ይጽፋል፦ ምን አየሁ፣ የት ተከራከርን፣ የት ተሳሳተ፣ እንዴት መለሰ። ከዚያ በኋላም ማንም ሰው፣ እኔም ብሆን፣ ብቻውን ወደ ዋናው ኮድ አያስገባም። አዲስ ስሪት የምናወጣው ሁለት ሰው ለየብቻ፣ በየራሱ ኮምፒውተር ሠርቶት ውጤቱ አንድ ሲሆን ነው። የኤክስዜድ መርዝ ያለፈው በዚህ ክፍተት ነውና። ይህ ያዘገያል። አንድ ጊዜ ቀላል ማስተካከያ 11 ቀን ቆየ፣ ሁለተኛው ሰው የሐዘን ቤት ስለነበረው። ተጠቃሚዎች ተቆጡ። ይቆጡ። «ለምን ዘገየ» ለሚል መልእክት ዛሬ ድሮ እንደምደነግጠው አልደነግጥም።

ልጅቷ አሁን ተመርቃ ሥራ ይዛለች። ሁለተኛው ቁልፍ እሷ ጋ ነው። ዋሶቿ ሁለት ናቸው፣ የጎንደሯ መምህርትና እኔ። አዲስ የሚመጡትን የምትቀበለውም እሷ ናት። ከእኔ ይልቅ ጨዋታ ታውቃለች፣ ሰው አያፍራትም።

ባለፈው ወር አንድ ሰው መጣ። በሁለት ሳምንት አምስት የጸዳ ማሻሻያ ላከ። ከዚያ አዲስ ስሪት የማውጣት ፈቃድ ጠየቀ። «ሥራ እንደበዛባችሁ አያለሁ፣ ልርዳችሁ» አለ። እኔ መሥሪያ ቤት ዓመቱ ሊዘጋ ነው፣ እንደገና ደክሞኛል። ብንሰጠውስ ብዬ ጻፍኩላት።

ወዲያው ደወለች። «ጋሼ፣ ሥራው ጥሩ ነው። ግን ማን አረመው?»

«እኔ አየሁት።»

«አይተኸዋል ወይስ አርመኸዋል?»

አይቼው ነበር። አላረምኩትም። ዝም አልኩ። እሷ አልከበደችኝም። «እኔ እጽፍለታለሁ፣ አንተ ዛሬ ተኛ» አለችኝ።

ማታ የጻፈችለትን አነበብኩ። አመሰገነችው። ፈቃዱን አሁን እንደማንሰጠው ነገረችው፣ ሰበብ አልደረደረችም። ወረፋ የሚጠብቁ ሦስት የሌሎች ሰዎች ማሻሻያዎች አሉና እባክህ እነሱን እረምልን አለችው። አንዱ ለ2019 ጳጉሜ 6 የምንዘጋጅበት መፈተሻ ነው። ጠዋት ስነሣ መልሱ መጥቷል። ፈቃዱን እንደገና አላነሣም። መፈተሻው ሰባተኛ መስመር ላይ የጻፈው አንድ ጥያቄ አለ፣ እስካሁን እየተነጋገርንበት ነው።